ልብስ ሰፊው ይመር የድልድዩን ዘበኛ እንዴት እንደቀየረው

ትብለጥ ሐሙስ ተቀበረች፤ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ላፕቶፗ ሲከፈት ታማ ሳለች ትጫወተው በነበረው ጨዋታ ውስጥ፣ አንድ ድልድይ ፊት ለፊት ቆማ ተገኘች። የለበሰችው ባሏ ይመር አምና የሰፋላትን ቡናማ ካፖርት ነው። ይመር ሄዶ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ካፖርቱ የለም፤ መስቀያው ባዶውን ተንጠልጥሏል። ተመልሶ መጣና ስክሪኑን ትክ ብሎ አየ።

«የላይኛውን አዝራር ቆልፊው፤ ይበርድሻል» አላት።

ቆለፈችው።

ዕለቱ ሠልስት ስለነበር ለቅሶ የተቀመጡት ጎረቤቶች ተራ በተራ እየመጡ አዩአት። አንዷ «ከስታለች፣ አይደል?» አለች። ሌላዋ «ኧረ እንዲያውም ፊቷ መለስ ብሏል» አለች። እድርተኛው ድንኳኑ ይነቀል አይነቀል ብሎ ተወያየ፤ በመጨረሻ አንዴ ተቀብራለችና ይነቀል ተባለ፣ ተነቀለ። ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» እያለ ወደ ቤቱ ሄደ። ይመርም ብቻውን ቀረ፤ ብቻውን ማለት እንግዲህ ከእሷ ጋር።

ይመር ደሴ ከተማ፣ ሸዋ በር ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁና ቤቱ በአንድ በር ይገናኛሉ። ጨዋታውን ግን አንድ ቀን እንኳ ነክቶት አያውቅም፤ የትብለጥ ነበር። ሳንባዋን ታማ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ስትውል እህቷ አሮጌ ላፕቶፗን ሰጠቻት፤ ጨዋታው ውስጡ ነበር። አንድ መንገደኛ አገር ላገር እየዞረ፣ ከጠላት ጋር እየተጋጠመ፣ ባሸነፈ ቁጥር እየበረታ የሚሄድበት ዓይነት ነው። ትብለጥ ጠላቱን ሁሉ አሸንፋ የድልድዩ ዘበኛ ጋ ስትደርስ አምስት ወር ቆመች። ዘበኛው ረጅም ነው፣ ካባ ለብሷል፣ ዱላ ይዟል፤ ማንንም አያሳልፍም። ይመር ምሳዋን ሊያጎርሳት ሲመጣ ያየውና «ተይው ይኼን ጠማማ! አንቺን ደግሞ ከዚህ ጋር ምን አነካካሽ!» ይላት ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ድሮ ጫካ ብቻ በነበረበት ቦታ ላይ ሸዋ በር ይታያል። የጦሳ ተራራ ከነጉሙ አለ። የራሳቸው ቤት አለ፤ በጓዳ በኩል አምና የተቀየረው አዲሱ ቆርቆሮ ሳይቀር ያብለጨልጫል።

ትብለጥ ስትናገር ቃሏ ከስክሪኑ ግርጌ በጽሑፍ ይወጣል። እሱ የሚመልስላት በአፉ ነው፤ ትሰማዋለች።

«ይመር፣ ቤታችን ይታየኛል። ይኼ ሰውዬ ግን አያሳልፈኝም።»

«ብታልፊ ትመጫለሽ?»

«ታዲያ ወዴት እሄዳለሁ?»

ከስሟ ሥር በቀይ «እስትንፋስ፦ 3» ይላል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ዘበኛው አንድ ጊዜ በመታ ቁጥር አንድ እስትንፋስ ይቀነሳል፣ ሦስቱ ካለቁ መንገደኛው የለም። ድሮ ቢሆን ከመጀመሪያው ይጀመር ነበር። አሁን «እንደገና ጀምር» የሚለው ቁልፍ ከቦታው ጠፍቷል። ይመር ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ፈልጎ አጣው።

ከሱቁ አጠገብ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠሩ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት አሉ። ስልሳን አልፈዋል፤ መነጽራቸው በክር ታስሮ ደረታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ሥራ ሲቀዘቅዝ የጨዋታ ጠላቶችን ችሎታ መቀየር ይወዳሉ። ዘንዶውን ፈሪ፣ ሽፍታውን አንካሳ ያደርጉታል። ለምን ቢሏቸው «ቀለል ይለኛል» ነው መልሳቸው። ይመር ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው።

«እሷ መታገሉን ትተወው» አሉ። «አንተ ዘበኛውን ትቀይረዋለህ።»

«እኔ ይኼን ነገር ከፍቶ ከመዝጋት ሌላ አላውቅም፣ እትዬ።»

«ልብስ ማጥበብ ታውቃለህ?»

«እሱንማ!»

«እሱው ነው።»

መጥተው አሳዩት። «ጠላቶች» የሚል ፋይል አለ፤ ውስጡ ለእያንዳንዱ ጠላት አንድ ገጽ። የድልድዩ ዘበኛ ገጽ አጭር ነበር። ጉልበቱ 900 ተብሎ ተጽፏል። ዓይኑ በቁጥር ሳይሆን ሦስት መስመር በሚሞላ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው የተጻፈው። ጆሮውም እንደዚያው። ከሁሉ በታች «ወገን፦ ጠላት» ይላል።

«ይኸውልህ፣ ሰውዬው ማለት ይኼ ነው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ከመንካትህ በፊት ግን ኮፒ ታደርጋለህ፤ እንዳለ፣ አንድ ፊደል ሳትነካ። ብታበላሽ ወደ እሱ ትመለሳለህ። እኔ ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላሁት በኮፒ ነው።»

«እሺ» አለ ይመር። አላደረገም። እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ ልማድ ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲቆርጥ ያልተቆረጠውን ጨርቅ አያስቀምጥም። ደንበኛው ሲከሳም የድሮውን ልክ ደብተሩ ላይ ይሰርዝና አዲሱን ይጽፋል። የድሮው ልክ ለማን ይጠቅማል?

መጀመሪያ ጉልበቱን ቀነሰ።

«ዜሮ ላድርገው?»

«ዜሮ ጉልበት ያለው ነገር መቆም አይችልም፤ ጨዋታው ይዘጋል። አንድ አድርገው።»

አንድ አደረገው። የተቆረጠው ስምንት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጉልበት ሱቁ ውስጥ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጩ ጨርቅ መሀል ወደቀ። ቁርጥራጭ ሁሉ የሚወድቀው እዚያ ስለሆነ ይመር አልገረመውም። ግራጫ ነበር፤ ሲነኩት ይሞቃል። እትዬ ጥሩወርቅ ፎቶ ኮፒ ማሽናቸውን ወደ ግድግዳው ለማስጠጋት ተዋሱትና ወዲያው መለሱት።

ትብለጥ ወደ ድልድዩ ወጣች። ዘበኛው ዱላውን ሊያነሳ ሞከረ፣ ከበደው፣ ተወው። ከዚያ በባዶ እጁ ጉንጯን በጥፊ ነካ አደረጋት። የብናኝ ያህል ነበር። ቢሆንም ምት ነው። «እስትንፋስ፦ 2» አለ ስክሪኑ።

«አላመመኝም» አለች ወደ ቦታዋ ተመልሳ። «ግን ቀነሰ።»

በሁለተኛው ቀን ይመር የዘበኛውን ዓይን ነካ። ያንን ሦስት መስመር ሙሉ አጠፋና በምትኩ «የለም» ብሎ ጻፈ። ከመጻፉ የአዝራር ጣሳው ውስጥ ሁለት ነገር ኳ፣ ኳ ብሎ ወደቀ። ከአዝራሮቹ መሀል ሁለት ቡናማ ዓይኖች ቁጭ ብለዋል፤ ብሌናቸው ውስጥ ወንዝ ይፈሳል። ይመር ጣሳውን ከደነው። ሰው እያየህ መስፋት አይመችም።

ትብለጥ ጫማዋን አወለቀች። በእግሯ ጣት እየረገጠች ድልድዩ ላይ ወጣች። ዘበኛው ጨልሞበት ፊቱን ወዲህና ወዲያ ያዞራል። ካባው ሥር ዝቅ ብላ አለፈችው። ግማሽ ደረሰች። ይመር «ቀስ፣ ቀስ፣ የኔ እመቤት» ይላል። ማዶው ለመድረስ ሰባት ሳንቃ ሲቀራት አሳላት።

ዘበኛው ድምፁ ወደመጣበት ዞረና መታት።

«ጆሮውን!» ብሎ ጮኸ ይመር፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። «ጆሮውን ረሳሁት! ወይኔ ይመር! ወይኔ!» ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሳል ሲሰማ ነግቶበታል። ደረቁን ከእርጥቡ ይለያል፤ ከየትኛው በኋላ ውኃ እንደምትፈልግ ያውቃል። ከሰው ሁሉ ጆሮን መርሳት ያልነበረበት እሱ ነበር። ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«አይዞህ» አለችው፣ እንደገና መነሻዋ ላይ ቆማ። «እኔም ይዤው ነበር፣ አመለጠኝ።»

እስትንፋስ፦ 1።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ምንም አልነካም። እትዬ ጥሩወርቅ ጆሮውን ቁረጥ አሉት። ድልድዩ ግን የአንድ ሰው ስፋት ነው፤ ዘበኛውም አሁን መሀሉ ላይ ነው የቆመው። ባያይ፣ ባይሰማ፣ ስታልፍ ገላዋ ይነካዋል። በአንድ እስትንፋስ ሙከራ አይሞከርም። ይመር ገጹን ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ቆይቶ ዓይኑ የመጨረሻው መስመር ላይ አረፈ። «ወገን፦ ጠላት።»

የይመር አያት በጉብዝናው ወራት ሰው ገድሎ ነበር። ሽማግሌ ገባ፣ ደም ደረቀ፤ የሟች ቤትና የገዳይ ቤት ልጅ ለልጅ ተጋብተው ዘመድ ሆኑ። የይመር እናትና አባት የተጋቡት በዚያ ምክንያት ነው። ያ ዕርቅ ባይኖር እሱም አይኖርም። ታዲያ ይኼን ሁሉ ቀን ጉልበት ልቁረጥ፣ ዓይን ልቁረጥ ሲል እንዴት ሳይታየው ቀረ? በራሱ አፈረ።

«ዘመድ ላደርገው ነው» አላቸው እትዬ ጥሩወርቅን።

መነጽራቸውን አደረጉ። «ኮፒው አለህ አይደል?»

«ዝምድና ደግሞ ኮፒ አለው እንዴ፣ እትዬ?»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ይመር «ጠላት» የሚለውን አጥፍቶ «ዘመድ» ብሎ ጻፈ። ፕሮግራሙ «ዝምድና አይሻርም። ይቀጥል?» ብሎ ጠየቀ። ይቀጥል አለ።

ዘበኛው ዱላውን ወንዝ ውስጥ ለቀቀው። ፊቱን ወደ ትብለጥ አቅጣጫ መለሰ፣ እጁን ዘረጋ፣ «የኛ ልጅ! አለሽልን?» አላት። አራት ጊዜ ጉንጯን ሳማት። ይመር ቁጥሩን አየ። አልቀነሰም። ግድግዳውን እየደበደበ «አሳለፋት! እትዬ፣ አሳለፋት!» ብሎ ጮኸ።

አላሳለፋትም። ልትሄድ ስትል ዘበኛው እጇን ያዝ አደረጋት።

«ወዴት ነው? ሳትቀመጪ? የመንገድ ሰው ነሽ፣ ደክሞሻል። ዛሬ እደሪና ነገ ትሄጃለሽ።»

ትብለጥ ወደ ስክሪኑ ዞረች። «ይመር፣ ምን ልበለው? ዘመድ እደሪ ሲል እምቢ ማለት ነውር ነው።»

«እደሪ» አለ ይመር፣ ደስታ በደስታ ሆኖ። «አንድ ቀን ምን አላት!» ቤቱን ጠረገ። ፍራሹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው። የምትወደውን ብርቱካን ገዝቶ ሳህን ላይ ደረደረ።

በማግስቱ ላፕቶፑን ሲከፍት ትብለጥ ቦታዋ ላይ ናት። ዘበኛው እግሯ ሥር ተቀምጦ ሳንቃውን በእጁ ይዳብሳል።

«ይመር፣ ይኼ ሰው ዓይን የለውም።»

ይመር ወደ አዝራር ጣሳው ዞር ብሎ አየ።

«ጉልበትም የለውም። ውኃ ሰጠሁት፣ ጣሳውን ማንሳት አቃተው።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅክ?»

በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ዋሽቷት አያውቅም። «እኔ ነኝ። እንድታልፊ ብዬ ነው።»

ከስክሪኑ ግርጌ «አሁን ዘመዴ ነው» የሚል ወጣ። «ማን ላይ ጥዬው ልምጣ?»

«ጠላትሽ ነበር እኮ፣ ትብለጥ! አምስት ወር ሙሉ!»

«ነበር። ብለቀው ወንዝ ይገባል፣ ይመር። አንተስ እኔን ሁለት ዓመት ጥለኸኝ ሄድክ?»

ልክ ነበረች፤ ልክ መሆኗ ነው የቆረጠው።

እንግዲያው ያጎደልኩትን እመልሳለሁ አለ። ጉልበቱን ያስታውሰዋል፤ 900 ብሎ ጻፈ። ጠረጴዛው ሥር የነበረው ግራጫ ነገር ጠፋ፤ ዘበኛው ብድግ ብሎ ጣሳውን አነሳ። ዓይኑ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። ያ ሦስት መስመር ምን ነበር? «አለ» ብሎ ጻፈ። «አልተገኘም» አለው። «ሁለት» ብሎ ጻፈ። «ቡናማ» ብሎ ጻፈ። «ጤነኛ» ብሎ ጻፈ። አልተገኘም፣ አልተገኘም፣ አልተገኘም። ጣሳውን አምጥቶ ዓይኖቹን ስክሪኑ ላይ፣ ልክ የዘበኛው ፊት ላይ አስጠጋቸው። አልገቡም፤ መስታወቱ ላይ ጭጋግ ብቻ ተዉ።

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይኖቹን በመሀረብ ይዘው ፎቶ ኮፒው መስታወት ላይ አስቀመጡና ቁልፉን ተጫኑ። ወረቀቱ ላይ የወጣው ዓይን አልነበረም፣ ወንዝ ነበር። ደገሙት፤ ወንዝ ሆኖ ጥጉ ላይ የካፖርት ጫፍ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ካፖርቱ ቀረብ ብሏል።

«ኮፒ አድርግ ብዬህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ቀኑ ሄደ። ትብለጥ ሰውዬውን መጀመሪያ «ዘበኛው» ትለው ነበር፣ ከዚያ «ሰውዬው»፣ ከዚያ «ጋሼ» ማለት ጀመረች። ድልድዩ አፍ ላይ ጎጆ ሠራችለት። ይመር ጎጆው ከምን እንደተሠራ ቶሎ አልገባውም። አንድ ቀን ቀረብ ብሎ ሲያይ ግድግዳው የድልድዩ ሳንቃ ነው። በማዶው በኩል፣ በሸዋ በር በኩል ያሉት ሰባቱ ሳንቃዎች የሉም።

«ትብለጥ፣ ድልድዩን እያፈረስሽ ነው!»

«ነፋስ ገብቶ ነው። ጋሼ ይበርደዋል።»

«እኔስ?»

«አንተማ ቤት አለህ» አለችው፣ ክፋት በሌለው ቃል።

ከዚያ በየቀኑ ሳንቃ ቆጠረ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሦስት። ለመናት፣ ተቆጣት፣ ማለላት። የእሷን ገጽ አግኝቶ ሐሳቧን ለመቀየር ፋይሉን ሁሉ በረበረ፤ በስሟ የተጻፈ ገጽ የለም። ማዶው እየራቀ ሄደ። መጀመሪያ የጓዳው ቆርቆሮ ደበዘዘ፣ ከዚያ ቤቱ፣ ከዚያ ጦሳም ከነጉሙ ጠፋ። ጫካ ብቻ ሆነ። ይመር ያን ቀን ፍራሹን ወደ ቤት አስገባ። ብርቱካኑ ሻግቶ ነበር፤ ደፋው።

በአርባዋ ተዝካሯ ወጣ። ካህናት ፈቱ፣ ሰው በላ፣ «ነፍሷን ይማር» ተባለ። ሰው ሲበተን ይመር ላፕቶፑን ከፈተ።

«ይመር፣ አትጠብቀኝ» የሚል ግርጌው ላይ ተጽፏል። «ካፖርቱን ጋሼን አልብሼዋለሁ፤ እንዳትቀየመኝ።»

ማንም አይታይም። የጎጆው በር ተዘግቷል። ከስሟ ሥር የነበረው ቀይ ቁጥርም የለም፤ አንድም ዜሮም አይልም። ይመር እስኪደክመው ስሟን ጠራ። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቶ በሻርፗ ጠቀለለውና ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ባዶው መስቀያ ሥር አስቀመጠው። ተስፋው እዚያ ላይ አለቀ።

በማግስቱ ሱቁን ከፈተ። ምን ያድርግ፣ ሰው መብላት አለበት። አራት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት የልጇን ዩኒፎርም ይዛ መጣች፤ አንድ አዝራር ጎድሎታል።

«ነጭ ነው፣ ባለ አራት ቀዳዳ» አለችው።

ይመር ጣሳውን ከፈተ። የጋሼ ዓይኖች፣ መልሶ እንዳስቀመጣቸው፣ ከአዝራሮቹ በላይ ናቸው። ወንዙ ብሌናቸው ውስጥ የለም። አሁን ብሌናቸው ውስጥ ያለችው ትብለጥ ናት፤ በጣም ቅርብ ሆና፣ ፊት ለፊት፣ የፊቷ ሥጋ ተመልሶ። አላሳላትም። ጣቶቿ መሀል ጉርሻ ይዛለች። ሰው በሽተኛ ሲያጎርስ ሳያውቀው አፉን ከፈት እንደሚያደርግ የራሷን አፍ ከፈት አድርጋለች። ይመር ያቺን አስተያየት ያውቃታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ነበር እንደዚያ የሚያያት። እጇ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ።

«አጣኸው?» አለች ሴትዮዋ።

ዓይኖቹ ቀስ ብለው ተከደኑ፤ የሚጣፍጥ ነገር እንደሚያኝክ ሰው።

«አለ፣ አለ» አለ ይመር፣ እጁን ከሥራቸው እየሰደደ። አዝራሮቹ ሁሉ በዕንባ ርሰው ነበር።